ለአማቴ የነገርኋቸው የቅዳሜ ፊልሞች

ወልድያ ልጄ ቤት ከርሜ ነበር። የልጅ ልጆቼ እያንዳንዳቸው ስልካቸው ላይ አቀርቅረው የየራሳቸውን ፊልም ያያሉ፤ አንዱ ሲስቅ ሌላው ምን አሳቀህ አይለውም። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ ስልኩም ሞተ። ያን ጊዜ «እማማ፣ ድሮ እናንተም ፊልም ታዩ ነበር? እስቲ ይንገሩን» አሉኝ። ትልቋ ደብተር አወጣች። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እሷ ትጻፍ፣ እኔ ልናገር።

እንዴት አናይም። እኛ ከተማ መርሳ መብራት ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ነው ጎረቤቴ ቴሌቪዥን ያገኘችው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣላት። ጥቁርና ነጭ ነው። ጣቢያው አንድ፣ ፊልሙም በሳምንት አንድ፣ ቅዳሜ ማታ ከዜና በኋላ። የሰፈሩ ሰው በርጩማውን ይዞ ይመጣል። እሷ ክርስቲያን ናት፣ እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ረመዳን ሲሆን ተራዊህ ሰግደን እስክንመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ትጠብቀናለች፣ ፊልሙ እንደሚጠብቅ ሁሉ። አንቴናው በረጅም ባሕር ዛፍ ላይ ነው የታሰረው። ንፋስ ሲነካው ሰው ሁሉ መንታ ይሆናል፤ አንዱ ወጥቶ ያዞረዋል፣ እኛ ከውስጥ «መጣ፣ ኧረ ሄደ፣ ትንሽ መልሰው» እንላለን። ወዲያ ወጣሁ መሰለኝ፤ ልመለስ።

ፊልሙ የፈረንጅ ነው። ቋንቋውን የሚያውቅ ከመሃላችን አልነበረም። ፊት እያየን ነው የምንረዳው። ክፉው ሰው ከአሳሳቁ ይታወቃል።

አማቴ ከኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። የመጨረሻ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሄዷል። እኔ በሙሽርነቴ ስመጣ ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። ጦርነቱ አልቆ የሰው ሁሉ ልጅ ከየመኪናው መርሳ ላይ ሲወርድ፣ እሱ አልመጣም። ሞተም አልተባለ። ያን ጊዜ አማቴ እራት ተዉ። ቀኑን ሁለት ጉርሻ ሳይቀምሱ ውለው «ጠግቤያለሁ» ይላሉ። በኛ ቤት አማት ሳትቀምስ ምራት እጇን ወደ ትሪው አትሰድም፤ እኔም አብሬያቸው ጦሜን አድራለሁ። የነዚህን ልጆች አባት አጠባ ነበር፤ ጡቴ ደረቀ።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴ «እትዬን ይዘሻቸው ነይ» አለችኝ።

«ሳያዩ?»

«አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። ብቻቸውን ከግድግዳ ጋር ከሚቀመጡ።»

እጃቸውን ይዤ ወሰድኋቸው። ከጎኔ አስቀምጬ፣ ጆሯቸው ሥር ያየሁትን እነግራለሁ። ፊልሙ ላይ አንድ ልጅ እናቱን ተሰናብቶ በመርከብ ይሄዳል። ባሕር አይተን አናውቅም፤ «እንደ ሐይቅ ነው፣ ግን ማዶው አይታይም» አልኋቸው። ደግሞ በረዶ መጣ።

«ምድሩ ሁሉ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል እማ።»

«ከብቶቹ ምን ይበላሉ?»

«ከብት የለም።»

«ታዲያ ሰዎቹስ ምን ይበላሉ?»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። አንዷ «እትዬ፣ ዝም ብለው ይዩ እንጂ» ብትል፣ አማቴ «እያየሁ ነው፣ አንቺ ዝም በይ» አሏት።

መጨረሻው ላይ ልጁ ሞተ። መለዮ ያደረገ ሰው ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ እናትየው ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። ቤቱ በልቅሶ ተሞላ። አማቴ እጄን ጨብጠው «ምን ሆነ?» አሉ። አፌ ራሱ ተናገረ፤ «ገባ እማ። በሩን አንኳኳ። እናቱ አቅፋዋለች።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ያስለቅሰዋል?»

«ደስታ ነው እማ።»

ጎረቤቴ አየችኝ። እንባዋን እየጠረገች «አዎ፣ ደስ ይላል» አለች፤ ሌሎቹም ገባቸው። ቤት ስንገባ አማቴ «እስቲ የተረፈ ነገር ካለ አቅርቢ» አሉ። በላን።

ከዚያ ወዲያ በቅዳሜ ፊልም ሳይመለስ የቀረ ሰው የለም። የሰመጠውን ከሐይቅ አወጣሁት፣ የታሰረውን አስፈታሁት፣ በጥይት የተመታውን ሐኪም አዳነልኝ። ሰኞም ማክሰኞም ያንኑ እያወራን እንበላለን። አንድ ጊዜ ከውርጌሳ የመጣ እንግዳ «ኧረ ሞተ እኮ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ጎረቤቴ ብርቱካን አጎረሰችው። ፍርሃቱ ግን ከልቤ አልወጣም። የሰው አፍ አምልጦት አማቴ ውሸቴን ቢሰሙ፣ ዳግመኛ እራት የሚነኩ አይመስለኝም ነበር። ውሸትም ኃጢአት ነው። ሰግጄ ስጨርስ «ያ አላህ፣ ይቅር በለኝ፤ ቅዳሜ ደግሞ እዋሻለሁ» እል ነበር።

ወታደሩ ልጃቸው አልመጣም። አማቴ እራታቸውን እየበሉ፣ አንድም ቅዳሜ ሳይቀሩ፣ ዓመታት ኖረው በሰላም ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ኋላ በየቤቱ ባለ ቀለሙ ገባ፣ በርጩማ ይዞ የሚመጣም ቀረ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ጎረቤቴ ታመመችና ልጠይቃት ሄድሁ። ያንን ቅዳሜ እያነሳን ስንስቅ «አንዱ ይነግርብኛል ብዬ ስሰጋ የኖርሁት» አልኋት።

«እትዬ አስምለውኝ ነው ያልነገርሁሽ» አለች። «‹እሷም አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው፤ አፏ ላይ እንኳ ቤቱ ይግባላት› አሉኝ።»

ከመጀመሪያዋ እሁድ ጀምሮ፣ እኔ ውኃ ልቀዳ ስሄድ፣ አማቴ አጥሩን እየዳበሱ እሷ ዘንድ ይመጡ ኖሯል። «የትናንቱ ልጅ፣ እውነት ገባ?» ይሏታል። እሷም ለብቻቸው መጥተው ሲጠይቋት መዋሸት አይሆንላትምና «አልገባም እትዬ» ትላቸዋለች። «እሺ» ብለው፣ አጥሩን እየዳበሱ ይመለሳሉ። ፊልሙን ሁሉ እንደዚያ ነው የሰሙት፤ ቅዳሜ ከኔ፣ እሁድ ከሷ።