ከኤሪ ሐይቅ ያነሳኋት የበር እጀታ

ክሱ ተሰረዘ! ኢሜይሉን ያነበብኩት ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ከደስታዬ ብዛት ትሪዬን ጥዬ ተነሳሁ። የጋሼ ተፈራ ስም ነጻ ሆነ። ደስታው ሳይበርድብኝ፣ በአማርኛ ከእሳቸው በቀር ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ልጻፍ። ለፍርድ ቤቱ በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ። የዋሸሁት ግን በአማርኛ ነው፤ እውነቱም በአማርኛ መባል አለበት።

ጋሼ ተፈራ የቤተ ክርስቲያናችን አስተናጋጅ ናቸው። ነበሩ ማለቴ ነው። ድሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ፤ እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ደግሞ ግሮቭ ሲቲ ያለ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ይደረድራሉ። መዋኘት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጥለቅ ኮርስ ጨርሼ የጠላቂነት ካርዴን ካወጣሁ በኋላ ደግሞ፣ ሲሞቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ የጠላቂዎች ክለብ ጋር ኤሪ ሐይቅ ይወስዱኝና የሰጠሙ መርከቦችን ያሳዩኝ ነበር። ውሃ ከመግባታችን በፊት ሁልጊዜ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ "ዓይን ይብላ፣ እጅ ይጹም።"

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ውሃው አረንጓዴና ቀዝቃዛ ነው። ሳንቃው ተበታትኖ የተኛ መርከብ ላይ ስንዋኝ፣ ጭቃው ውስጥ የነሐስ የበር እጀታ አየሁ፤ ሎሚ ታክላለች። አነሳኋት። ማንም አልገፋፋኝም። እኔ አየኋት፣ እኔ አነሳኋት። ሕጉን አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። ጀልባው ላይ ሁሌ ይነገረናል፦ በኦሃዮ በኩል ባለው ሐይቅ የሰጠመ አሮጌ መርከብ ከነዕቃው የሕዝብ ነው፤ ማየት ይቻላል፣ ያለ ፈቃድ ማንሳት ግን ወንጀል ነው። እኔ ግን "አንዲት እጀታ ማንን ትጎዳለች?" አልኩ። የእኔ ቦርሳ መረብ ስለሆነ ውስጡ ያለው ሁሉ ይታያል። የጋሼ ጥቁርና ወፍራም ነው። ዞር ሲሉልኝ እዚያ ከተትኳት፤ ቤት ስንደርስ አወጣታለሁ ብዬ።

ጀልባው ዳር እንደደረሰ አንድ የሐይቁ ፖሊስ የሁላችንንም ቦርሳ ፈተሸ። እጀታዋን ከጋሼ ቦርሳ አወጣትና፣ ከመርከቡ ያነሷት እሳቸው እንደሆኑ በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው። የጋሼ እንግሊዝኛ አጭር ናት። ባንክም፣ ሐኪም ቤትም እንደሚያደርጉት፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን ይላል ቤቲዬ?"

እዚህ ያደግን ልጆች ይህን ጥያቄ እናውቀዋለን። ገና በስምንት ዓመታችን የታላላቆቻችን አፍ እኛ ነን። በዚያች ደቂቃ የጋሼ አፍ እኔ ነበርኩ።

"ቦርሳው የእርስዎ ነው ወይ ነው የሚለው" አልኳቸው።

እጀታዋን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙና "የስ ሰር!" አሉ።

ተከሰሱ። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ነበረው፤ አንድ ቃል ቢተነፍሱ የምጋለጠው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ግን ጥፋተኛ ነኝ ብለው ፈረሙ። ክለቡ ከአባልነት አወጣቸው። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ የአስተናጋጅነት ባጃቸውን ራሳቸው ፈተው መለሱ። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃ አልገቡም። እኔስ? እኔ በየእሑዱ ከኋላቸው ተቀምጬ እጄን አንስቼ እዘምር ነበር። ያንኑ እጄን! ልጅ ነበርኩ ልበል? ለመዋሸት የደረሰ ልጅ ለመናገርም ደርሷል። ፈርቼ ነው ልበል? እሺ፣ የመጀመሪያው ቀን ፈርቼ ነው። ሁለተኛው ዓመትስ?

ዘንድሮ በረዶው የጀመረ ሰሞን፣ ከአምልኮ ስንወጣ፣ ጋሼ የመጥለቂያ መነጽራቸውን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። "ውሰጂው፤ እኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል" አሉኝ። ያን ሳምንት ለፍርድ ቤቱ ጻፍኩ።

ትናንት ደብዳቤው ለእሳቸውም ደረሰና ኮል አደረጉልኝ። ቤታቸው ሄድኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

"ምን ይላል ቤቲዬ?"

ያችው ጥያቄ። አሁን ግን ቃል በቃል ተረጎምኩ፦ ክሱ ተሰርዟል፤ እጀታዋን ያነሳችው ልጅቷ ናት፤ በሐሰት ያስተረጎመችውም ልጅቷ ናት። "ልጅቷ እኔ ነኝ ጋሼ" አልኩ።

ወረቀቱን ቀስ ብለው አጥፈው አስቀመጡት።

"ስንት ዘመን ጠልቄያለሁ" አሉ። "እጀታ በራሷ ዋኝታ ቦርሳ ስትገባ አላየሁም።"

ያውቁ ነበር። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ" አሉ። ከዚያ የዓይን መነጽራቸውን አወለቁና "ቆየሽ" አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ እኔም በሉኝ አላልኩም። ማወቃቸው የእኔን ጥፋት አላቀለለውም፤ እንዲያውም ሦስት ዓመት በየእሑዱ እንድናገር በሩን ከፍተው ሲጠብቁኝ እኔ አልፌያቸው እሄድ ነበር ማለት ነው።

እጀታዋ አሁን ሐይቁ ዳር ባለ ትንሽ ሙዚየም፣ መስታወት ውስጥ ናት። ቅዳሜ ላያት እንደምሄድ ለጋሼ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ማነው የሚነዳው?"

የምነዳው እኔ ነኝ። እኔና ጋሼ ተቀምጠን መኪናው ውስጥ ሦስት ቦታ ይተርፋል። ይህን ያነበባችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ ለቤተሰብ የምታስተረጉሙ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ጠብቁኝ። ሙዚየሙ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ጋሼ "ምን ይላል?" ሲሉኝ አጠገቤ ቁሙና ስሙኝ።