በገብስ ማሳ ላይ የታረዱ ርግቦች

የጋሼን የመጀመሪያ ዘር ርግብ ጨርሶታል። ጋሼ የአባቴ የቆዩ ጓደኛ ናቸው። ሁለቱም ለዓመታት ታክሲ ከነዱ በኋላ አባቴ ካዚኖ ተቀጠረ፤ እሳቸው ደግሞ ከቬጋስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ ሸለቆ ውስጥ መሬት ተከራይተው ገብስ ዘሩ። ከአጠገባቸው የከብት እርባታ አለ፤ ርግቦቹ ከእሱ ጣሪያ እየተነሱ ዘሩ ሳይበቅል ለቀሙት። ጋሼ እንደገና ዘሩ። ለሦስተኛ ጊዜ የሚሆን ዘር የላቸውም። ባለመሬቱም ብርዱ ሳይጠና ማሳው አረንጓዴ ካልሆነ መሬቱን መልሶ እንደሚወስድ ነግሯቸዋል።

ስለዚህ ወደ እኔ ደወሉ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ የተኩስ ክለብ አባል ነኝ፤ አየር ላይ የሚወረወረውን የሸክላ ሳህን ብዙ ጊዜ አልስትም። ለአደን ፈቃድ የሚጠየቀውን ኮርስም ጨርሻለሁ። የጋሼ ዓይን ደክሟል፣ ወገባቸውም አይታጠፍም። ርግብ መተኮስ የሚፈቀድ መሆኑን ቼክ አደረግሁና እሺ አልኳቸው።

አባቴ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ተናገረ።

"የማይበላ ነገር አትገድዪም" አለኝ። "የምንበላው ከሆነ ተኩሺ። ገድለሽ ለመጣል ከሆነ ጠመንጃውን አትንኪ።"

"ርግብ ይበላል እንዴ?" አለች እናቴ ከወጥ ቤት።

"በኦሪት ለመሥዋዕት ይቀርብ ነበር። ንጹሕ ነው።"

"እንግዲያው እዚያው ጨርሳችሁት ኑ። የእኔ ድስት ውስጥ አይገባም።"

የሚበላ ማለት ለአባቴ የታረደ ማለት ነው። በጥይት ሞቶ የተገኘ ወፍ ጥንብ ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ ቢላዋ ሊያርፍበት ይገባል። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማሳ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ግን ማናችንም አላሰብነውም።

ቅዳሜ ጠዋት ቬጋስ ካለው ሰፈራችን ከዊንቸስተር ተነስተን ስንደርስ ጋሼ የሣር ጥቅሎች ደርድረው መደበቂያ ሠርተው ጠበቁን። ከፊት ለፊቱ መንጋውን የሚያታልሉ የፕላስቲክ ርግቦች ተከልን፤ ወፍ የሚያርፈው ወደ ነፋሱ ዞሮ ስለሆነ ሁሉንም ወደ ነፋሱ አዞርኳቸው። ብዙም አልቆየንም። ግራጫ መንጋ በከብት እርባታው ጣሪያ ላይ ዞረና ወደ እኛ መጣ። ክንፋቸውን ዘርግተው እግራቸውን እስኪያወርዱ ታገስኩና ተኮስኩ። አንዱ ማሳው መሐል ወደቀ።

አባቴ ቢላዋውን ይዞ ሮጠ። ጉልበቱን ያመዋል፤ ሩጫው ሩጫ አይደለም። ሲደርስ ወፉ ሞቷል። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። አባቴ ሲመለስ በረድፎቹ ላይ የጫማው ኮቴ እስከ መሐል ድረስ ይታይ ነበር።

"አንተ ሰውዬ" አሉት ጋሼ፣ "ማሳውን ከርግብ አስጥሉልኝ አልኩ እንጂ ተራመዱበት አላልኩም።"

ሦስተኛውን ስመታ እኔ ሮጥኩ። በረድፎቹ መካከል እየረገጥኩ ሄጄ አነሳሁት፤ ልቡ መዳፌ ላይ ይመታ ነበር። አባቴ ጋ ሳልደርስ ቆመ።

አባቴ ወፉን ተቀብሎ ዓይኑን ገልጦ አየና ቢላዋውን አጠፈው። "በቃ" አለ። "ይሄ ግድያ ነው።"

ጋሼ ከማሳው ማዶ ያለውን ጥግ ያዩ ነበር። መንጋው እዚያ አርፎ አንገቱን እየደፋ ይለቅማል።

"ቢላዋውን ስጠኝ" አልኩት አባቴን። "እዚያው ደርሼ እኔ ልረድ።"

እኛ ቤት ሴት አታርድም። በበዓል እናቴ ዶሮ በሕይወቱ ገዝታ ስትመጣ፣ አባቴ ከሥራ እስኪገባ ዶሮው በረንዳ ላይ ታስሮ ይጠብቃል። ሌላ ሲደረግ አይቼ አላውቅም።

"ሴት ልጅ አታርድም" አለ።

"ጠመንጃውን ሰጥተሃት ቢላዋውን ትከለክላታለህ?" አሉ ጋሼ።

"እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።"

"ለርግቡ አንድ ነው።"

"ልከራከርህ አይደለም" አልኩት። "የሚከለክል የተጻፈ ነገር ካለ ንገረኝ፤ አልነካም።"

አባቴ የማያውቀውን አውቃለሁ አይልም።

"የተጻፈ እንኳ አላውቅም" አለ። "ሲደረግ ስላላየሁ ነው።"

"እንግዲህ ዛሬ ታያለሃ" አሉ ጋሼ።

አባቴ ቢላዋውን ከፍቶ እጀታውን ወደ እኔ አዙሮ ሰጠኝ። "ስለቱን ወደ ራስሽ እንዳታደርጊ። ስሙን ሳትጠሪ እንዳትጀምሪ።"

የሚቀጥለው መንጋ ሲመጣ አንዱን ጣልኩ። ጥይቱን አውጥቼ ጠመንጃውን ለጋሼ አቀበልኩና በረድፎቹ መካከል ሮጥኩ። ወፉ ክንፉን ያራግባል። አባቴ ዶሮ ሲያርድ እንደሚያደርገው ክንፎቹን በእግሬ ያዝኩ፣ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ፣ በስመ አብ ብዬ ቆረጥኩ።

አባቴ በማሳው ዳር ዞሮ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አፈሩን አየ።

"ደሙ በደንብ ወርዷል" አለ። "ሕይወት ነበረው።"

ከዚያ በኋላ ሥራው መስመር ያዘ። እኔ እተኩሳለሁ፣ እሮጣለሁ፣ አርዳለሁ፤ ጋሼ መንጋው ከየት እንደሚመጣ በጆሯቸው ለይተው ይነግሩኛል፤ አባቴ ሣር ጥቅል ላይ ተቀምጦ ላባ ይነጫል። ነፍሱ ሳትወጣ ያልደረስኩበትን ለብቻው ያስቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላ መንጋዎቹ በማሳው ላይ ዞረው ሳያርፉ ወደ ጣሪያቸው ይመለሱ ጀመር።

ጋሼ ከፒክአፕ መኪናቸው ጀርባ ከሰል አቀጣጥለው ወፎቹን በጨውና በሚጥሚጣ ጠበሱ። የመጀመሪያውን ለአባቴ ሰጡት። እሱ እስኪጀምር እኔም እሳቸውም አልነካንም። እሱ ካልበላ መተኮሱ ቀረ ማለት ነው፤ ርግቦቹ ነገ ይመለሳሉ፣ እኛ ግን አንመለስም።

አማተበ፤ ከደረቱ ቆርሶ ለረጅም ጊዜ አኘከ።

"ጠንካራ ነው" አለ።

"የቬጋስ ስቴክ መሰለህ?" አሉ ጋሼ።

ሌላ ቆረሰ። አጥንቱን ግጦ ጨረሰና እጁን በሣር ጠረገ።

"የሚቀጥለው ቅዳሜ የካዚኖ ሺፍቴን ከሰው ጋር እቀይራለሁ" አለኝ። "ዛሬ አርፍደናል። ከርግቦቹ ቀድመን መድረስ አለብን።"