የገብስ ፍሬ ታህል ጉድለት

ባሌ ማሲንቆ መቺ ነበር። የጣሊያን አውሮፕላን ገበያችንን የደበደበ ዕለት ቦንቡ ከጎኑ ፈንድቶ ጆሮውን ደፈነው። አንድም ቦታ አልቆሰለም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ምንም አልሰማም። ቤታችን ተቃጥሎ ስለነበር ከደብረ ወርቅ ወደ ቆላው ወርደን ከሌሎች ስደተኞች ጋር ዋሻ ገባን።

እዚያም ማሲንቆውን ይገዘግዛል። ጆሮው ስለማይመራው ጣቱ ይስታል፤ ሰዉም ፊቱን ያዞራል። እሱ ይህን ያያል።

አንድ ቀን ከነጠላዬ ጥለት ክር መዞ በማሲንቆው ጭራ ቁመት ልክ ቆረጠው።

«በክር እቃኘዋለሁ» አለኝ።

ጭራው እኩሌታው ላይ ሲያዝ ያው ድምፅ ቀጥኖ እንደሚመጣ ያውቃል። ክሩን ሦስት ላይ አጥፎ አንዱን እጅ ሲተው ደግሞ፣ የቀረው ልክ ከመጀመሪያው ጋር የሚስማማ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። የቀረውንም እንደገና ሦስት ላይ ያጥፋል፤ ከእኩሌታው በታች ካጠረበት እጥፍ አድርጎ ያስረዝመዋል። እንዲህ እያለ የቅኝቱን አምስት ድምፆች አገኘና በዘንጉ ላይ በከሰል ምልክት አደረገባቸው። ሲመታው አብሬው ዘፈንሁ። ልክ ነበር። ራሴን ነቅንቄ አዎ ስለው አለቀሰ።

እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት። «ክሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ካልተመለሰ አምስቱም ውሸት ናቸው» ብሎ ቀጠለ። አሥራ ሁለተኛው እጥፋት ላይ ከመነሻው ልክ ሊገጥም ደረሰና የገብስ ፍሬ ያህል አጠረ። ድምፁን አሰማኝ፤ ትንሽ ቀጥኗል። ራሴን ወዘወዝሁ።

ክር እየለወጠ ደጋገመው። የነጠላዬ ጥለት አለቀ። እህል መቅመስ ተወ። «እጄም እንደ ጆሮዬ ሞተ» እያለ ይጮኻል፤ የገዛ ድምፁን አይሰማማ። ጠላት ይሰማናል ብዬ አፉን በመዳፌ እይዘዋለሁ።

አንድ የቅኔ መምህር አብረውን ተሸሽገው ነበር። ሄጄ ነገርኋቸው።

«ክሩ አይመለስም፣ ልጄ» አሉኝ።

«እጁ ስቶ ነው፣ የኔታ?»

«የለም። ነይ ላሳያችሁ።»

ባሌ ፊት ሦስት ጠጠር አኑረው ጥንድ ጥንድ አደረጓቸው፤ አንድ ተረፈ። ሦስቱን በሦስት አበዙ፤ አሁንም አንድ ተረፈ። ያንንም በሦስት አበዙ፤ ያው ነው። ከዚያ ሁለትን በሁለት እያበዙ ደረደሩ፤ ምንም አልተረፈም።

«እሱ በሦስት እየከፈለ ይሄዳል፤ በሁለት ሊመለስ ይፈልጋል። ሁለቱ እስከ ዓለም ፍጻሜ አይገናኙም» አሉ። እኔም ክሩን ሦስት ላይ እያጠፍሁ ጠጠሮቹን አሳየሁት።

ባሌ ጠጠሮቹን ራሱ ደጋግሞ ደረደራቸው። ሲገባው ቀና ብሎ አየኝ።

«ለካ ድሮ ጆሮዬ ነበር የሚያስታርቃቸው» አለ። «አሁን ማን ያስታርቃቸዋል?»



ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወደ ቀያችን ተመለስን። በአምስቱ ምልክት እየተመራ በየሠርጉ ይመታል፤ ሰው ይወደዋል። እቤት ስንገባ ግን «አሁንም አልታረቁም» ብሎ ማሲንቆውን ይሰቅልና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።