ሚጣ ስለ በሩ የመለሰችው መልስ

ሚጣ መስታወቱ ፊት ቆማ የቡኒ ኮቷን ቁልፍ ትቆልፋለች፤ ትፈታለች፤ መልሳ ትቆልፋለች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሥራ ጫማዋን ታስራለች። የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው። እናት የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሴት ፈታሽ ናት። ልጅ ደግሞ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ምሩቃን ላወጣው የሥራ አመራር ሠልጣኝነት ቦታ ተወዳድራ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አልፋ፣ ዛሬ ለቡድን ውይይት ተጠርታለች።

"እማ፣" አለች ሚጣ ከመስታወቱ ሳትዞር፤ "በሩ ላይ እንዳታውቂኝ።"

"ምነው? አሳፈርኩሽ?"

"ኧረ ምን ነክቶሽ ነው! ካለፍኩ በኋላ እናቷ አስገባቻት እንዳይሉኝ ነው።"

"እኔ? የእኔ ሥልጣን እኮ እስከ ቦርሳ ድረስ ነው።"

ሚጣ ሳቀች፤ ግን ሳቋ ወዲያው ጠፋ። ከተመረቀች ወዲህ ያላንኳኳችው መሥሪያ ቤት የለም። አንዱ የሥራ ልምድ አምጪ አላት፤ አንዱ ሰው ሞልቶናል አላት፤ አንዱማ ስልክ ቁጥሯን እንኳ ሳይቀበል "እንደውልልሻለን" ብሎ ሸኛት። ሥራ ያጣ ልጅ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር እናቷ ታያለች። ሳትጠየቅ ዕቃ ታጥባለች፤ ምግብ ሲጨመርላት በቃኝ ትላለች፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ሹልክ ትላለች። ይህ ሁሉ የእናቲቱን አንጀት ይበላዋል። ግን ምን ታደርጋለች? ጫማዋን አስራ፣ አብረው እንዳይታዩ ቀድማ ወጣች።

የሴቶች መፈተሻ ከበሩ ጎን በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ሴቶች ይፈራረቁባታል፤ ጠዋት የሚጣ እናት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መንታ ልጆች ያሏት ወጣት ሴት፣ ሁሉም "የመንቶቹ እናት" የሚሏት።

ሚጣ ተራዋ ሲደርስ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። እናቷ እንደማንኛዋም ሴት ቦርሳዋን በረበረች። ለፈተና የመጣ ሰው ስልክ ይዞ አይገባምና ስልኳን ተቀብላ ካርድ ሰጠቻት። ከዚያ በእጇ ትከሻዋን፣ ጎኗን፣ ወገቧን ዳሰሰች። የልጅቷ ልብ ከኮቱ ሥር ድው ድው ይላል።

"ውሃ ጠጥተሻል?" አለቻት በሹክሹክታ።

"እማ፣ በናትሽ!"

"እሺ፣ እሺ። ይቅናሽ።"

ውጭ የቆመው ጥበቃ ድምፁ ሠፈር ስለሚያዳርስ ማይክራፎን ይሉታል። ከሌላ ግቢ የተዛወረው በቅርቡ ነው፤ ሚጣን አያውቃትም።

"እትዬ፣ ምነው ቆያችሁ? ልብስ እየሰፋሽላት ነው እንዴ?"

"ዞር በል ወዲያ! ሥራህን ሥራ።"

ከዚያ በኋላ ጊዜው አልገፋ አላት። ስንቱን ቦርሳ ከፍታ ዘጋች፤ ምን እንዳየችበት ቢጠይቋት አታውቅም። ከንፈሯ ብቻ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ "አደራህን፣ ይቺን አንዲት በር ክፈትላት" ይላል።

ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ተወዳዳሪዎቹ፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ እሷ ዘንድ የተቀመጠውን ስልካቸውን ሊወስዱ መጡ። ፊት የነበሩት ክራባት ያሰረ ወጣትና መነጽር ያደረገች ልጅ ናቸው። ሰው በፈታሽ ፊት እንደልቡ ያወራል፤ ግድግዳ ፊት የቆመ ያህል ነው የሚሰማው።

"ጥያቄው ግን አይገርምም?" አለች መነጽራሟ። "እኔ ስለ ትምህርት ጥራት ስዘጋጅ ከርሜ፣ የጥበቃ ሠራተኛ በዝቷልና እንዴት ትቀንሳላችሁ ይበሉኝ?"

"እኛ ዙሪያውን ስንዞር ቡኒ ኮት የለበሰችው በላችን" አለ ክራባታሙ።

"እሷማ! አንገቷን ደፍታ ስትቆይ የማትናገር መስሎኝ ነበር። ፈታኙ 'አንቺስ?' ሲላት ጊዜ አንዴ ጀመረች፣ አበቃ! የሴቶች መፈተሻ ሥራ የሚበዛበት ጠዋት ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለችዋ ያለሥራ ነው የምትውለው፤ ለዚያ ሰዓት ማሽን ይበቃል አለች። ፈታኞቹ ሲጽፉ አላየሃቸውም?"

"እዚሁ በር ላይ ያደገች ነው የምትመስለው።"

እናት ክው አለች። የያዘችውን ስልክ ለማን እንደምትሰጥ ጠፋት። ማይክራፎን ግን ጆሮው ተቀስሯል።

"ማሽን? ነገ እኔንም በካሜራ ሊቀይሩኝ ነዋ! ማናት እሷ ጉደኛ? እትዬ፣ አንቺ አይደለሽ የፈተሽሻት? ምን ዓይነት ናት?"

"ስንቱን አስታውሳለሁ" አለች እናት።

ሚጣ የመጣችው ከሁሉም በኋላ ነው። ማይክራፎን ኮቱን ከሩቅ ለየው።

"እህቴ፣ እኛን አባርረሽ ማንን ልትቀጥሪ ነው? ዘመዶችሽን?"

የሚጣ ፊት ዐመድ መሰለ። እናቷ ስልኩን ስታቀብላት ጣቶቻቸው ተነካኩ። ተዋት፣ ልጄ ናት ልትል አፏ ድረስ መጣ። ግን እንዳታውቂኝ ተብላለች፤ ደግሞስ ብትል የባሰውን ማባባስ አይደል? ዋጠችው። ሚጣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር መንገዱን ተሻገረች።

እናት ቤት ስትደርስ ሚጣ ኮቷን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተጠቅልላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

"ሰማሽ አይደል?" አለች።

"ሰማሁ።"

"ዝም ልል ነበር፤ እውነቴን ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ እንደሚጥሉኝ አውቃለሁ። ስለ ጥበቃ የማውቀው አንቺ የምታወሪልኝን ብቻ ነው።"

እናት ራት ላይ እግሯን እያሻሸች ስንቱን ታወራላት የለ! "ከሰዓት በኋላማ በሩ ላይ ዝንብ አያልፍም፤ የመንቶቹ እናት ወንበር ስታሞቅ ትውላለች" እያለች ሁለቱም በሳቅ ይንፈራፈሩ ነበር። ክፋት አልነበረበትም።

"ያንቺ ፈረቃ እንዳይነካ ብዬ ነው ጠዋቱን ለይቼ ያወጣሁት" አለች ሚጣ።

እናት አጠገቧ ተቀመጠች። ብዙ ነገር ልትላት ፈለገች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ጥሩ አድርገሽ ተናገርሽ?"

"እማ!"

"ካልሽው አይቀር ብዬ ነው።"

ሚጣ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ወደ ልቅሶ ዞረ። እናት ጀርባዋን ከማሻሸት ሌላ መላ አልነበራትም።

ስልኩ የተደወለው በሳምንቱ ነው። ሚጣ "አቤት፤ እሺ፤ አመሰግናለሁ" ብላ ዘጋችና ቆማ ቀረች።

"አለፍኩ። ሰኞ እጀምራለሁ።"

እናት ዘላ አቀፈቻት፤ ሳመቻት፤ ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ ያገኘችውን ሁሉ። ልጅቷ ግን እጇን አላነሳችም።

"መጀመሪያ የሚመድቡኝ ጠቅላላ አገልግሎት ነው። የበሩን ነገር በዝርዝር አጥንተሽ ታቀርቢልናለሽ አሉኝ። እማ፣ ካልሽ ልተወው። አልመጣም ልበላቸው።"

"እንዳትሞክሪው!" እናት ራሷም በድምጿ ደነገጠች። "እነሱ መቀነስ ካማራቸው አንቺ ባትኖሪም ይቀንሳሉ።"

ይህን ስትል አፏን ሞልታ ነው። ልቧ ግን አብሯት አልነበረም።

በማግስቱ የመንቶቹ እናት ፈረቃ ልትቀበል ከሰዓቷ ቀድማ መጣች። መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ሁለት ትንንሽ ቦርሳዎች ከፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

"እትዬ፣ እይልኝማ! ትምህርት ቤት ሊገቡልኝ ነው። አንዱ ከአሁኑ አዝሎት ካልተኛሁ ብሎ አስቸገረኝ።"

"ያሳድግልሽ፤ ደስ ይላሉ።"

"እና አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚቀበላቸው ሰው የለኝም። ኃላፊውን ሳናገረው፣ እሷ እሺ ካለች ተቀያየሩ፣ ለእኔ ልዩነት የለውም አለኝ። ጠዋቱን ብትለቂልኝ? ለአንቺም እኮ ከሰዓት በኋላው ይሻልሻል፤ ግርግር የለው፣ እግርሽ ያርፋል።"

እናት ከቦርሳዎቹ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። እሺ ብትል የምትለቀው የራሷን እንጀራ ነው። እምቢ ብትል ደግሞ እምቢ ያለችበትን ምክንያት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ነገሩን አውጥታ እንዳትነግራት፣ ሰኞ ሥራ የምትጀምረው ልጇ ናት።

"ከከበደሽ ይቅር" አለች የመንቶቹ እናት ፊቷን አይታ። "እንዲያው ልሞክር ብዬ ነው።"

"ኧረ አልከበደኝም" አለች። ትንንሾቹን ቦርሳዎች ወደ ፌስታሉ መለሰቻቸው።

መጋረጃው ተገለጠ። አንዲት ተማሪ ቦርሳዋን ከፍታ ዘረጋችላቸው፤ ሁለቱም እኩል እጃቸውን ሰደዱ።