የጋሼ ወንፊት ሁለተኛ ፕሮክሲ

የሶፍትዌር ፈታሿ አሮጌ ኮምፒውተሯን እስከ ምሳ ሰዓት አስረክቢ ተብላለች። ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ለሌላው ደንታ አልነበራትም፤ አንጀቷን የበላት የጋሼ ወንፊት ፕሮክሲ፣ መልእክትን በመሃል ተቀብሎ የሚያሳልፈው ፕሮግራማቸው፣ ነው።

ጋሼ ወንፊት ሥራ ያስተማሯት ሽማግሌ ናቸው። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ከብራውዘር ወደ ሰርቨር የሚሄድ መልእክት ሁሉ በእሳቸው እጅ ካላለፈ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበርና ቢሮው ይህን ስም አወጣላቸው። ሌላው በአንድ ፕሮክሲ ሲሠራ እሳቸው ሁለት አያይዘው ይሠሩ ነበር። የመጀመሪያው የሚያልፈውን መልእክት ከፍቶ ያሳያል፤ ሁለተኛው፣ ራሳቸው የጻፉት፣ መልእክቱን እያዘገየና እያበላሸ የሚፈተሸውን ፕሮግራም ጉድ ያወጣል። «አንዱ ያያል፣ አንዱ ይተነኩሳል» ይሉ ነበር።

ሥራ በገባች ሳምንት ሁለተኛውን ፕሮክሲ ወደ ውጭ፣ ወደ ሰርቨሩ፣ በመላክ ፋንታ መልሳ ወደ መጀመሪያው ላከችው። መልእክቱ በሁለቱ መካከል ሲዞር ሲዞር ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ። ጋሼ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ልጄ፣ ቆለፍሽበት እኮ! መውጫውን አሳዪው እንጂ!»

እሷ ግን በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ስህተት አልደገመችም። እንዲያውም አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር በዚህ ጉዳይ ምላሷ ረዘም ይል ነበር።

አሁን የጋሼን ፕሮግራም አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ገልብጣ፣ መልእክቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚወስኑትን የፖርት ቁጥሮች በጥድፊያ ሞላች። ብራውዘሩን ወደ መጀመሪያው፣ መጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው። ገጹን ከፈተች። የጠበቀችው ገጽ አልመጣም፤ ነጭ ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦

«ልጄ፣ ዛሬም ቆለፍሽበት? መውጫውን አሳዪው።»

ክው አለች። ቁጥሮቹን ብታይ፣ እውነትም ሁለተኛውን መልሳ ወደ መጀመሪያው ልካዋለች። የጋሼን ፕሮግራም ከፍታ ፈለገች። የዞረን መልእክት ይዞ ይህን መስመር የሚጽፈው ትእዛዝ እዚያው አለ፤ የተጻፈበት ቀን ያ እሷ ያፈረችበት ቀን ነው። ስላልተሳሳተች አንድም ጊዜ አላየችውም። እሳቸውም አልነገሯትም።

ናፈቋት። እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ቁጥሩን አስተካከለች፤ ገጹም መጣ።

የንብረት ክፍሉ ሰው በሩን አንኳኳ። «እህቴ፣ ጨረሽ? ልውሰደው?»

«ውሰደው» አለችው ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ጋሼን አውጥቻቸዋለሁ።»

እሱ ሲወጣ ቁጥሩን ሆን ብላ አበላሽታ ገጹን እንደገና ከፈተች።