በጀሪካን የመጣ ባሕር

ባሕር ዳር ተቀምጦ የጨው ውሃ ዓሣ ማርባት እብደት እንደሆነ ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ደንበኞቼ በሙሉ ነግረውኛል። ጣና እዚያው ተንጣልሎ እያለ አንቺ ሳሎንሽ ውስጥ ጨው ውሃ ታጠራቅሚያለሽ ይሉኛል። አንዷ ቀሚሷን እየለካኋት «ከጣና አምባዛና ቆሮሶ ጠፍቶ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ስለነበር ዕድለኛ ናት።

ገንዳው የአባቴ ነው። አባቴ በጉብዝናው ወራት ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበር። ወደቡን ጥሎ ከመጣ በኋላ የቀረ ዕድሜውን የእህል መጋዘን ሲጠብቅ ቢኖርም ራሱን መርከበኛ ማለቱን አልተወም ነበር። ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ሲለውና ምላሱ ሲተሳሰር ግን እሱም ቀረ። ከሆስፒታል ባመጣነው ሰሞን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥርሱን ነከሰ። አጥሚት ይዤ ስቀርበው፣ ማንኪያው ከንፈሩን ሲነካው ዓይኑን ይጨፍናል። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስሁበት። ልብሱን ልቀይርለት ሳነሣው መቅለሉ በእጄ ላይ ይታወቀኝ ነበር።

ወንድሜ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አንድ ጊዜ ሲመለስ፣ ምን እንዳሳሰበው እንጃ፣ አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ ቀድቶ መጣ። ክዳኑን ከፍቶ ወደ አባቴ አፍንጫ አስጠጋለት። አባቴ ዓይኑን ገለጠ። ጥቂት በመዳፉ አፍስሰንለት ላሰውና ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ገንዳው መጣ፣ ዓሦቹ መጡ፣ በየጉዞው ደግሞ ጀሪካን ሙሉ ባሕር ይመጣ ጀመር። ገንዳውን ከአልጋው በስተግራ፣ ደኅናው እጁ በሚደርስበት ቦታ አስቀመጥነው። ምግባቸውን ቆንጥሮ ይበትንላቸዋል፤ እነሱ ሲበሉ እያየ እሱም ለእኔ አፉን ይከፍታል። ዓሦቹ ከበሉ አባቴ ይበላል፤ ሌላ ዘዴ አልነበረኝም።

ለሁሉም ማዕረግ ሰጥቷቸው ነበር። ቢጫው ሻምበል፣ ሰማያዊው መሐንዲስ፣ ብርቱካናማዋና ነጭ መቀነት ያላት ትንሿ ደግሞ ምልምሏ። መስታወቱ ላይ ተለጥፈው የሚውሉ ቀንድ አውጣዎችም ነበሩ። እነሱን ሲያይ ይስቃል። ምላሱ ትንሽ ሲፈታለት፣ ከመርከብ ሆድ ላይ እንዲህ ያለ ዛጎል በብረት ሲፍቁ እንደሚውሉ አጫወተኝ። ፍቀው ሲጨርሱ መዳብ ያለበት ቀይ ቀለም ይቀቧታል፤ ከዚያ ወዲያ ሕይወት ያለው ነገር አይጠጋትም። ይህን ለመናገር ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ እኔ ግን ስፌቴን ትቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ሻምበል የሞተው መብራት ጠፍቶ በዋለበት ቀን ነው። አየር የምትነፋው ፓምፕ ቆመች። ውሃውን በማማሰያ ስመታ ዋልሁ፣ ግን አልሆነም። የእሱ ሞት ምክንያቱ ግልጽ ስለነበር አዘንሁ እንጂ አልፈራሁም።

በማግሥቱ የአባቴ ታላቅ እህት ሊጠይቁን መጡ። ገንዳውን አዩ፣ ሻምበል የት እንደ ሄደ ጠየቁ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ዓይን ነው የበላው» አሉ። «መንገደኛው ሁሉ ቀሚስ ላሰፋ እያለ እየገባ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ነጠላ ጋርጅባቸው። ማተብ ይሁን ክታብ፣ ጠባቂ አድርጊላቸው እንጂ፣ ልጄ።»

«እቴቴ፣ ዓሣ ክርስትና ይነሣ ይሉኛል እንዴ?» አልኋቸው። «መብራት ጠፍቶ ነው የሞተ።»

ተቀየሙኝ። አባቴ ሁለታችንንም እያፈራረቀ ያይ ነበር። ግራ እጁ ትራሱ ሥር ገብታ ነበር፤ ትራሱን ላስተካክልለት ስል እጁን አጠበቀብኝና ተውሁት።

ከዚያ ቀንድ አውጣዎቹ ከመስታወቱ ላይ መርገፍ ጀመሩ። መብራት ነበረ፣ ፓምፗም ትሠራለች። አንስቼ ስለጥፋቸው ተመልሰው ይወድቃሉ። ሁሉም ካለቁ በኋላ መሐንዲስ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍት ይከድን ጀመር፤ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይመታል። አባቴ የዚያን ቀን ግማሽ ሳህን አስተረፈብኝ። መሐንዲስ የሞተ ዕለት ሁለት ማንኪያ ብቻ ዋጠ።

ያልጠረጠርሁት ነገር የለም። ጀሪካኑ ናፍጣ ተቀድቶበት እንደሆነ ብዬ ለወንድሜ ደወልሁና ጮህሁበት። አዲስ የተገዛ ነው ብሎ ማለልኝ፤ መንገድ ተዘግቶበት ስለነበር ግን እስኪከፈት ድረስ ሌላ ውሃ ይዞ መምጣት አልቻለም። የወባ መድኃኒት ረጪዎች ጎረቤት ገብተው እንደሆነ ቤት ለቤት ጠየቅሁ። አልገቡም። በመጨረሻ ራሴን ጠረጠርሁ። የስፌት ማሽን ዘይት ከእጄ አይጠፋም፤ ዘይቱን ሳልታጠብ ገንዳው ውስጥ እጄን ነክሬ ይሆናል ብዬ ቆዳዬ እስኪሰነጠቅ በአመድ እፈትገው ጀመር። ደንበኞቼን ወደ በረንዳ አወጣኋቸው። ገንዳውን በነጠላም ጋረድሁት፤ አክስቴ የነገሩኝን እያደረግሁ መሆኔ ሲገባኝ አፈርሁ፣ ግን አላነሣሁትም።

ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጠና ሰው አለ ሲሉኝ ውሃውን በጠርሙስ ይዤ ሄድሁ። ደግ ሰው ነው፤ ጠብታ እየጨመረ መረመረልኝ። ቆሻሻው አልበዛም፣ ጨውም ልክ ነው አለኝ።

«እኔ የማውቀው የጣናን ነው፣ እህቴ» አለ። «ቀንድ አውጣው ቀድሞ ከሞተ ግን በሽታ አይመስለኝም። ውሃው ውስጥ የገባ ነገር አለ። ከቤትሽ ፈልጊው።»

ቤት ስመለስ ምልምሏ ጥግ ይዛ ተዘቅዝቃለች። ከዓሦቹ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። አባቴ ምግብ ቆንጥሮ በትኖላት ሳትነካው ወደ ታች ወርዷል። እሱም አፉን ዘጋ። ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እግዚአብሔርን አንዲት ዓሣ እንዲተውልኝ ለመንሁ። እንዲህ ያለ ጸሎት ቅዳሴ ላይ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ የሞላ ጀሪካን ቀርቶን ነበር። ምልምሏን በሳፋ ለይቼ ገንዳውን ከሥሩ ላጥብ ብዬ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርሁ። ለአባቴ አልጋ ከሚቀርበው ድንጋይ ሥር ጣቴ አንድ ነገር ነካ። አወጣሁት። አረንጓዴ ዝገት የበላው መስቀል ነው።

አወቅሁት። ወደ ባሕር ሊሄድ ሲነሣ እናቱ አንገቱ ላይ ያሰሩለት የመዳብ መስቀል ነው። በዚያ ሁሉ የባሕር ዘመኑ ከአንገቱ አልወረደም። ሆስፒታል ለምርመራ ሲያወልቁለት በጨርቅ ቋጥሬ ትራሱ ሥር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለመርከቦቹ ሆድ የሚቀቡት ቀይ ቀለም ትዝ አለኝ። ሕይወት ያለው ነገር አይጠጋትም ያለኝ እሱ ነው። ጠባቂ አድርጊላቸው ሲባል የሰማው እሱ፣ ለዓሦቹ የሚሰጠው ሌላ ነገር ያልነበረው እሱ፣ አንድ እጁን ዘርግቶ ያለውን ሁሉ ሰጣቸው።

ቀና ስል እያየኝ ነበር።

«መልሽው» አለ። ምላሱ እየተጎተተ። «ለእሷ ነው።»

መዳብ የሚለውን ቃል ብቻ ብናገር ይገባው ነበር። ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ቤቱ ውስጥ ምን እንደገደላቸው ለማወቅ ያን ያህል ስባዝን ከርሜ፣ አሁን ሳውቀው የማልነግረው ሰው እሱ ሆነ።

«ሥራውን ጨርሷል፣ አባዬ» አልሁት። «እሷን እኔ እጠብቃታለሁ። መስቀሉ ለአንተ ያስፈልግሃል።» በሎሚና በአመድ ፈትጌ፣ ክር ገዝቼ አንገቱ ላይ አሰርሁለት። አልወደደም። እጁን መስቀሉ ላይ አድርጎ ሳፋውን ሲያይ ዋለ።

የመጨረሻውን ጀሪካን ለምልምሏ ገለበጥሁላት። ትንሽ ቀና አለች፤ ቁራሽም የጎረሰች መሰለኝ። አባቴም ያን ምሽት አጥሚቱን ጨረሰልኝ፤ ደስታዬን ለማን እንደምናገር ጠፍቶኝ ሳህኑን ደጋግሜ አጠብሁ።

ጠዋት ተንሳፍፋ አገኘኋት። ልደብቃት አልቻልሁም፤ ከእኔ በፊት ነቅቶ አይቷታል። አጥሚቱን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ባታወጪው ኖሮ» አለ።

«አዎ አባዬ» አልሁት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁ።»

ደኅናው እጁ መስቀሉን ለቀቀና የእኔን እጅ ፈለገ። በአመድ የተሰነጠቀውን ቆዳዬን በአውራ ጣቱ አሸው።

«አላወቅሽም» አለኝ። «ለደግ ብለሽ ነው። አይዞሽ።»

ማንኪያውን አነሣሁ። የመጀመሪያውን ለእኔ ሲል ዋጠልኝ። ሁለተኛውን ሳስጠጋለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።