ተሳፋሪው ሳይቀመጥ አይለካም

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሞላ» ነው የሚላት። ሞላ ያው መኪናን ከጎማው በላይ ተሸክሞ የሚያነጥረው ጥምዝምዝ ብረት ነው፤ ከፊት እግር ሥራ ሌላ ስለማትነካ ስሙ ወጣላት። ሊያበሽቋት የሚወዱ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨምራሉ፤ ትንሽ ከተጫኗት ትፈናጠራለች ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ትፈናጠራለች። በእሷ ቦታ ሆኖ የማይፈናጠር ሰው ካለ እሱ ነው የሚገርመው።

ባሏ ሲሞት ጋራዡን ዘግታ ቁልፉን ለአከራይ ታስረክባለች ብሎ ያልጠበቀ አልነበረም። እሷ ግን ከባሏ ጎን ቆማ መፍቻ ስታቀብል የኖረችው ዓይኗን ጨፍና አይደለም። የባሏን ቱታ እጅጌውን ሁለቴ አጥፋ ለበሰችና መኪና ሥር ገባች። አባቷ፣ አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው፣ ይህን ሲሰሙ «ልጄ መኪና ሥር ተጋድማ የማይበት ዓይን የለኝም። እግሬ እዚያ ግቢ አይረግጥም» አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ!

እሷ ግን እሑድ እሑድ ቤታቸው ትሄዳለች። ከመሄዷ በፊት እጇን በጋዝ፣ ከዚያ በሳሙና፣ ከዚያ በብሩሽ ቆዳው እስኪቀላ ትፈገፍገዋለች። አባትየው ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ራዲዮ ዜና ያወራሉ፤ በመሀል ጥፍሯን ያዩና ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ነው አንጀቷን የሚያሳርራት። ቢሰድቧት መልስ ታጣለች? አታጣም።

አንድ ሰኞ ታላቅ ወንድሟ በቅርቡ የገዛትን ፒክ አፕ እየነዳ ገባ። የሚኖረው ድንጋይ ማውጫው አጠገብ ነው፤ ከአስፋልት ተወጥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮረኮንች፣ ቋጥኝና የወንዝ መሻገሪያ።

«ፊቷ ድንጋይ እየላሰ አስቸገረኝ፤ አንሺልኝ» አላት። «አራት ኢንች አድርጊው፣ እንድታምር።»

«እንድታምር ከሆነ ቀለም አስቀባት። ሁለት ኢንች፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ካለፈ ጎማውን ከመሪው የሚያያይዘው ቴስቲኒ ይላቀቅና ጎማህ አንተን ጥሎህ ይሄዳል። ደግሞስ ምን ልትጭንባት ነው?»

ጥያቄው የወሬ አይደለም። ፒክ አፕ ከፋብሪካ ስትወጣ ፊቷን ደፋ የምታደርገው ኋላዋ ሲጫን እኩል እንድትሆን ነው። ባዶዋን እኩል አድርገው የሚለቋት መካኒኮች ሞልተዋል፤ ስትጫን አፍንጫዋን ሰማይ ላይ ትሰቅላለች፣ መሪዋ ይቀላል፣ መብራቷ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። ለዚህ ነው እትዬ ሞላ የሚጫነው ሳይጫን የማትለካው።

«የአባባን ዕቃ ነዋ» አለ ወንድሟ። «አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን። ቅዳሜ ጠቅልለው እኔ ጋ ሊገቡ አይደል? አልነገሩሽም እንዴ?»

አልነገሯትም። ትናንት እሑድ ነበር፤ ስለ ራዲዮ ዜና ሲያወሩ ነው የዋሉት። እጇ ላይ የነበረውን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፈው ወንድሟ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ ንዴቷን ብረቱ ላይ ተወጣችው። ክሪኩን አስገብታ የመኪናዋን ፊት አነሳች፣ ጎማዎቹን ፈታች፣ ሞላዎቹን አውርዳ ከአናታቸው ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት አስገባች፣ መልሳ ገጠመች። አልወጣ ያለውን ቡሎን በመዶሻ እየነረተች የተናገረችው ነገር እዚህ አይጻፍም። አባቷ ቅዳሜ ከሄዱ ሄዱ ማለት ነው። በዚያ ጉልበት፣ በዚያ መንገድ፣ ሰው ተመልሶ ጋራዥ ሊጎበኝ አይመጣም።

ዓርብ ጠዋት አልጋውና ቁም ሳጥኑ በጋሪ ጋራዡ ድረስ መጥተው ፒክ አፗ ላይ ተጫኑና በገመድ ታሰሩ። ወንድሟ ሰዓቱን አየ።

«በይ ለኪና አሰናብቺኝ።»

«ተሳፋሪው ሳይቀመጥ አልለካም» አለች። ከአፏ ሲወጣ ነው ራሷም የሰማችው።

«የምን ተሳፋሪ?»

«የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው። የእሳቸው ክብደት ሳይገባ የላይኛዎቹን ቡሎኖች አላጠብቅም። መንገድ ላይ ቢፈታ ተጠያቂው አንተ ነህ።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። የአንድ ሽማግሌ ክብደት ያንን ሞላ የጣት ውፍረት እንኳ አያወርደውም። ወንድሟ ግን ነዳጅ ከመሙላት ሌላ ስለ መኪና የሚያውቀው የለም።

«ታዲያ አሸዋ በጆንያ አድርገን ብናስቀምጥስ?»

«አባባ አሸዋ ናቸው?»

«እንደማይመጡ እያወቅሽ!»

«እንግዲያው መኪናህ እዚሁ ይከርማል!» ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት።

ወንድሟ እየተነጫነጨ ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በበሩ መጀመሪያ የታየው የአባቷ ከዘራ ነበር። ሽማግሌው ደፉ ላይ ቆሙ። ግድግዳው ላይ ከትልቅ እስከ ትንሽ ተሰልፈው የተሰቀሉትን መፍቻዎች አዩ፣ የተጠረገውን ወለል አዩ፣ ልጃቸውን አላዩም። ሰላምታም የለም። ወንድሟ ደግፎ አሳፈራቸውና ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ። ቀበቶአቸውን እንኳ አሰሩ።

እትዬ ሞላ ባለ ቋጠሮ መለኪያ ሲባጎዋን አወጣች። ከጎማው እምብርት በላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ከዚያ የኋላዎቹን። እያንዳንዱን ወለሉ ላይ በጠመኔ ጻፈች። እኩል ናት። ወንድሟ ስልክ ሊያነጋግር ወደ ውጭ ወጣ።

«አርባ ዓመት ነድቼ» አሉ አባቷ ወደ ፊት እያዩ፣ «የእኔ ክብደት ይቺን ሞላ እንደማያወርዳት የማላውቅ መሰለሽ?»

በርከክ ካለችበት ብድግ ብላ መስኮቱን ያዘች።

«ካወቁ ለምን መጡ? ዐሥራ አንድ ዓመት አባባ! ዐሥራ አንድ ዓመት እጄን በጋዝ እየላጥኩ ደጅዎ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ ‹ሥራ እንዴት ነው?› አላሉኝም! ቅዳሜ እንደሚሄዱ የምሰማው ከሰው ነው? እኔ ልጅዎ አይደለሁም?»

ሽማግሌው መስኮቱ ላይ ያረፈውን እጇን አዩት። ዛሬ አልታጠበም፤ እስከ አንጓው ድረስ ግራሶ ነው።

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አሉ። «ሥራሽን ሳላይልሽ ልሄድ ነው ልበልሽ?»

ደጅ ወንድሟ ስልኩን ሲዘጋ ተሰማ።

«ለክተሽ ጨረስሽ?» አሉ አባቷ።

ወለሉ ላይ የጻፈቻቸውን አራት ቁጥሮች አየቻቸው።

«አልጨረስኩም!» አለች፣ አሁንም በቁጣ። ጠመኔውን በጫማዋ አጠፋችና ሲባጎዋን ይዛ ከግራ ጎማ እንደገና ጀመረች። ሽማግሌው ቀበቶአቸውን ፈትተው ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።